አሥራ ሦስቱም ወር መስከረም
ስለ ጢስ ዓባይ ፎቶግራፎች የቀረበ ሂስ

«ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ይላል ተረታችን። ተረቱ በተነገረበት ዘመን ዓባይን ማየት ማለት ስንቅ ቋጥሮ፣ እግር አንስቶ፣ ቁልቁለት ወርዶ ወንዙ ዳር መቆም ነበር። ዛሬ ግን ዓባይን ያላየ ማን አለ? በካሌንደር አይተነዋል። በፖስት ካርድ አይተነዋል። በየሆቴሉ አዳራሽና በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይተነዋል። በ1969 ዓ.ም. በወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ከወፎቹ ጋር ታትሞ፣ በየኪሳችን አጣጥፈን ይዘነው ዞረናል። ያ ኖት ቦታውን ለሳንቲም ከለቀቀ ወዲህ እንኳ ሥዕሉ ከዓይናችን አልወጣም፤ በየእጅ ስልኩ ይመላለሳል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ዓባይን በሥዕል ብቻ ያየ ሰው፣ ሲያመሰግን የሚያመሰግነው ምኑን ነው? ወንዙን ነው ወይስ ወረቀቱን?

«በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ የፎቶግራፍ ወሬ ምን ዶለው?» የሚል አይጠፋም። መልሱ አጭር ነው። ልብ ወለድ እጃችን ሲገባ ደራሲውን በጥያቄ እናፋጥጠዋለን። ምኑን መረጠ? ምኑን ተወ? ቅርፁ ከይዘቱ ጋር ይስማማል ወይ? እንላለን። ወደ ፎቶግራፍ ስንመጣ ግን አፋችን ይዘጋል፤ «መሣሪያ አይዋሽም» ተብሎ ተነግሮናላ! መሣሪያው በርግጥ አይዋሽም። መሣሪያውን የያዘው ሰው ግን የት እንደሚቆም፣ በየትኛው ወር እንደሚሄድ፣ ለምን ያህል ጊዜ ብርሃን እንደሚያስገባ፣ ምኑን ከክፈፉ ውጭ እንደሚያስቀር ይመርጣል። ምርጫ ካለ ድርሰት አለ፤ ድርሰት ካለ ደግሞ ሂስ ሊኖር ግድ ነው።

እስቲ ያን ሁላችንም የምናውቀውን ፎቶግራፍ እናንብበው። አንሺው ይለያይ እንጂ ፎቶግራፉ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጢስ ዓባይ ከተማ ይኬዳል። ከዚያ በእግር ይወረዳል፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው የአላታ የድንጋይ ድልድይ ይታለፋል፤ አቀበቱ ይወጣል፤ ፏፏቴውን ፊት ለፊት ከሚያሳየው ገደል አፍ ላይ ሲደረስ ሁሉም ይቆማል፣ ሁሉም ያነሣል። ከላይ ጠባብ ሰማይ፣ ከመካከል ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ነጭ መጋረጃ፣ ከታች አረንጓዴ። ዕድል ከቀናም የማርያም መቀነት ጣል ይደረግበታል። ሰው የለም። ድልድዩ የለም። የመብራት ሽቦ የለም።

ፎቶግራፉ ያምራል። ይህን መካድ ሐያሲነት ሳይሆን ምቀኝነት ነው። ነገር ግን ማማሩን ተቀብለን ስንመረምረው አራት ነገሮች ጎድለውት እናገኛለን፦ ድንጋዩ፣ ወሩ፣ ጢሱና በሩ። አራቱንም በየተራ እንያቸው።

አንደኛ፣ ድንጋዩ። ፏፏቴ የውሃ ነገር ይመስለናል። ውሃማ በየወንዙ አለ፤ ፏፏቴ የሚያደርገው ከሥሩ ያለው ድንጋይ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ያን ያህል ከተጓዘ በኋላ ድንገት የሚወድቀው መሬቱ ስለከዳው ነው። ከጣና በስተደቡብ ያለው አገር የእሳተ ገሞራ አገር ነው። ከመሬት ሆድ የወጣ ቅልጥ ድንጋይ በሸለቆው ቁልቁል ፈሶ፣ ቀዝቅዞ፣ ጥቁር ባዛልት ሆነ። የጣናን ውሃ በደቡብ በኩል እንደ ግድብ ያቆረው፣ ወንዙንም ከአፋፉ ላይ የሚወረውረው ይኸው ድንጋይ ነው። ስለዚህ ጢስ ዓባይ ላይ የምናየው ውሃ፣ ቀድሞ እሳት ባበጀለት ደረጃ ላይ ሲወርድ ነው። የአገሩ ሰው «ጢስ እሳት» ብሎ ሲጠራው ያሰበው ሌላ ነገር ይሁን እንጂ፣ ስሙ ሳያውቅ እውነቱን ነክቶታል!

ታዲያ የካሌንደሩ ፎቶግራፍ ይህን ድንጋይ ሸፍኖታል። ውሃው ሲጎድል የሚገለጠው ጥቁር ግድግዳ የፏፏቴው አጥንት ነው፤ ፎቶ አንሺው ግን በበጋ ሄዶ ያን ግድግዳ ሲያይ «ምንም የለም» ብሎ መሣሪያውን ሳይከፍት ይመለሳል። ምክንያቱን ፊት ለፊት እያየ «ምንም የለም» ይላል! ከግርጌው ያለው ደንም እንደዚሁ ነው። ያ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ከሰማይ በሚወርደው ዝናብ ብቻ አይኖርም፤ ቀን ከሌት ከሚረጨው ፍንጥቅጣቂ ይጠጣል። ውሃው ሲሳሳ እሱም ይጠማል። በፎቶግራፉ ላይ ግን ደኑ የነጩ መጋረጃ ጥልፍ ሆኖ ቀርቷል። ምን ጠጥቶ እንደሚያድር አልተጠየቀም።

ሁለተኛ፣ ወሩ። ጣና የሚሞላው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ግድም ነው፤ ከዚያ እየጎደለ ሄዶ እስከ ሰኔ መግቢያ ይወርዳል። ሲሞላ ፏፏቴው ከዳር እስከ ዳር 400 ሜትር ያህል ይሰፋል። ሲጎድል ጥቁሩ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉ ጥቂት ክሮች ይሆናል። ካሌንደር ሠሪው የሚመርጠው የመጀመሪያውን ነው፤ ማን ይፈርድበታል? ብቻ ካሌንደሩ ተሰቅሎ ይከርማል። ኅዳር ይገለጣል፣ ሚያዝያ ይገለጣል፣ ከላይ ያለው ሥዕል ግን ያው ነው። በካሌንደራችን ላይ አሥራ ሦስቱም ወር መስከረም ነው።

አገራችንን ለውጭ ጎብኚ ያስተዋወቁት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ» የሚል ትርጉም ያለው መፈክር አውጥተው ነበር። መፈክሩ ብልህ ነው፤ እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስም አገልግሏል። ነገር ግን ፀሐይን ለአሥራ ሦስት ወር ማደል ቢቻልም ፏፏቴን ማደል አይቻልም። ጢስ ዓባይን የሚሞላው ፀሐይ ሳይሆን ደመና ነው። ፖስተሩ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ቃል ሲገባ፣ ቃሉን የሚከፍለው ፖስተሩን ያተመው ሰው አይደለም። ፎቶግራፉን አይቶ፣ ገንዘቡን ከስክሶ፣ በሚያዝያ የመጣ እንግዳ ገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ፊቱን ሲያጠቁር፣ ከአጠገቡ የሚቆመው መንገድ መሪው ልጅ ነው። እንግዳው የሚከፋው በልጁ ላይ ነው። ፎቶግራፉ ዋሸ፣ ልጁ አፈረ! እኛ «ውበት» እያልን የምናወድሰው ነገር እንዲህ ያለ ሒሳብ አለበት።

ቀን የሌለው ሥዕል ጠብ እንደሚያመጣ ደግሞ ፎቶግራፍ ከመፈጠሩ በፊት ታይቷል። ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ወደ አገራችን መጥቶ፣ በፏፏቴው ጀርባ፣ በውሃውና በገደሉ መካከል እንደገባ ጻፈ። ይህን የሎቦን ጽሑፍ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ እኛ በእንግሊዝኛ ክፍል «ራሴላስ» በሚለው ድርሰቱ የምናውቀው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ከዚያ በ1770 እ.ኤ.አ. ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከቦታው ደረሰ። እሱ ሲደርስ ወንዙ በዝናብ ጨምሮ ነበር። ከጀርባው መግባት ከቶ የማይቻል ነው ብሎ ሎቦን በውሸታምነት ከሰሰው። ማን ልክ ነበር? ክርክሩን እዚህ አንፈታውም። ግን አንድ ጥያቄ እናንሣ፦ ሁለቱ ሰዎች ያዩት ያው ውሃ ነው ወይ? የመስከረም ሰው የሚያዝያን ሰው «ዋሸህ» ቢለው ምን ይገርማል?

ብሩስ ራሱ ከስሕተት አልዳነም። ከፍታውን አርባ ጫማ ያህል ነው ብሎ ገመተ፤ ይህ 12 ሜትር መሆኑ ነው። ዛሬ ከ40 ሜትር በላይ መሆኑ ይታወቃል። ስፋቱን ደግሞ ከግማሽ ማይል በላይ፣ ማለትም 800 ሜትር ያህል አደረገው። ቁመቱን ለሢሶ ቆርጦ ወርዱን እጥፍ ሰፋ! ዓይንም እንግዲህ ያለ መለኪያ ይሳሳታል። የካሌንደሩ ፎቶግራፍ ሰውን ሁሉ ከክፈፉ ሲያስወጣ ይህንኑ መለኪያ ነው ያስወጣብን። ከገደሉ ሥር አንድ በሬ የሚነዳ ሰው ቢኖር ኖሮ 40 ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ያለ ቁጥር እናውቀው ነበር።

ሦስተኛ፣ ጢሱ። የቦታው ስም ጢስ ዓባይ ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ከሩቅ እየመጡ ነበርና ገና ውሃው ሳይታይ ከዛፉ በላይ የሚነሣውን ጉም አዩ። ስሙ የሚወርደውን ትቶ የሚወጣውን ያዘ። ይህ ታላቅ ምልከታ ነው፤ ባለ ቅኔ ያወጣው ስም ቢባል ያምናል። ፎቶግራፉ ግን በተቃራኒው የሚወርደውን ብቻ ይዟል። እንዴት ቢሉ፣ ነገሩ መዝጊያው ላይ ነው። በትምህርት ቤት በተማርነው የመውደቅ ሕግ ብናሰላው፣ የአየሩን ግፊት ትተን፣ አንድ ጠብታ ከ42 ሜትር ላይ ለመውረድ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ከታች ሲደርስ በሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይሮጣል። የመሣሪያው መዝጊያ ለአንድ አምስት መቶኛ ሴኮንድ ብቻ ቢከፈት ጠብታው የሚሄደው ስድስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ውሃው ተቆራርሶ፣ ተፈነጣጥሮ፣ እንደተናደደ ይታያል። መሣሪያውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስቀምጦ መዝጊያውን ለሦስት ሴኮንድ የከፈተ ሰው ግን፣ ከአፋፍ እስከ ግርጌ የወረደውን ውሃ ሁሉ አንዱን በሌላው ላይ ደራርቦ ያትመዋል። ውጤቱ ያ የምናውቀው ሐር ነው። ውሃው ሐር ሲሆን፣ እየተነሣ እየተበተነ መልኩን የሚለዋውጠው ጢስ ደግሞ ስስ ጭጋግ ሆኖ ከጀርባው ይጠፋል። ስሙ ከፎቶግራፉ ተሰረዘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ራሳችን፣ ወደ ጸሐፊዎቹ ይመጣል። በየጊዜው ስለ ዓባይ የሚጻፉትን ግጥሞች አስቡ። «ነጭ መጋረጃ»፣ «ሐር»፣ «የተዘረጋ ነጠላ»። እነዚህ ምሳሌዎች ከየት መጡ? በሙላቱ ወራት የሚወርደው ዓባይ አፈር የተሸከመ ነው፤ መልኩ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ድምፁም ጆሮ ያደነቁራል። ሐሩን የሰጠን ወንዙ አይደለም፤ የተከፈተ መዝጊያ ነው። ገጣሚው ግድግዳው ላይ ያለውን ካሌንደር አይቶ ጽፏል፤ አንባቢውም ያንኑ ካሌንደር ስለሚያውቅ «እሰይ!» ብሎታል። ሁለቱም ወንዙ ዳር አልደረሱም። እንዲህ ያለው ግጥም ምንጭ ያመሰግናል እንኳ አይባልም፤ የምንጭን ሥዕል ያመሰግናል።

አራተኛና የመጨረሻ፣ በሩ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን ተረት ሁላችንም አፋችንን የፈታንበት ያህል እናውቀዋለን። ዛሬ ግን ዓባይ ማደሪያ አለው። በ1964 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ 11.4 ሜጋ ዋት ይዞ ሥራ ጀመረ። በ1996 እ.ኤ.አ. ከጣና አፍ ላይ፣ ጨረጨራ በተባለው ቦታ፣ የውሃ መቆጣጠሪያ በሮች ተሠሩ። በ2001 እ.ኤ.አ. ሁለተኛው ማመንጫ በ73 ሜጋ ዋት ተጨመረ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ የሚወስደው 460 ሜጋ ዋት ያለው ማመንጫ ተመረቀ። ወደ ታች በጣም ርቆ፣ ጉባ ላይ፣ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የፏፏቴውን ውሃ አይነካም፤ የተረቱን ዘመን ማብቃት ግን ከሁሉ ይበልጥ ይመሰክራል።

የነገሩ አሠራር ግልጽ ነው። ከፏፏቴው በላይ በቦይ የተወሰደው ውሃ በማመንጫው በኩል ወድቆ ከፏፏቴው በታች ከወንዙ ይቀላቀላል። አንድ ጠብታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚወድቀው፤ በቧንቧው የወደቀ በአፋፉ ላይ አይወድቅም። ወደ በለስ የሄደው ደግሞ ከነጭራሹ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ በአፋፉ ላይ የሚታየው ውሃ ልክ የዝናቡ ብቻ ሳይሆን የበሩም ውሳኔ ነው። ይህን ስንል «ማመንጫው ባልተሠራ» እያልን ሙሾ ልናወርድ አይደለም። መብራት የፈለገ ሁሉ የዚህ ውሃ ባለ ዕዳ ነው፤ ይህን ጽሑፍ ማታ የሚያነበው ሰውም ጭምር። የምንለው ሌላ ነው። ፎቶግራፉ ሽቦውን፣ ቦዩን፣ በሩን ሁሉ ከክፈፉ ቆርጦ ሲያወጣ፣ ወንዙ ዛሬም እንደ ጥንቱ ማደሪያ አጥቶ የሚዞር አስመሰለ። አንድ ሕዝብ ስለ ወንዙ መወያየት ያለበት ውሃው ለመብራት ስንት፣ ለደኑ ስንት፣ ለዓይን ስንት ይድረስ ብሎ ነው። ግድግዳው ላይ ሁልጊዜ ሙሉ የሆነ ፏፏቴ የሰቀለ ሰው ግን ምን ጎደለ ብሎ ይጠይቃል?

ተቃውሞ እንደሚመጣ እናውቃለን። «ፎቶግራፍ ኪነ ጥበብ ነው፤ የውሃ ሀብት ሪፖርት አይደለም፤ ውበትን ለምን በቀንና በሜጋ ዋት ታስጨንቁታላችሁ?» የሚል ይኖራል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሳችን ግን ውበት ይቅር የሚል አይደለም። ውበቱ ጠበበ ነው የምንለው። በመስከረም ብቻ የሚያምር ፏፏቴ ሳይሆን፣ ዓይናችን ነው በመስከረም ብቻ ማየት የለመደው። በሚያዝያ ፀሐይ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ባዛልት፣ በላዩ የተረፈችው ቀጭን ጅረት፣ እርጥበቱን ተከትሎ ወደ ግድግዳው የተጠጋው አረንጓዴ፣ ይህ ሁሉ ባለሙያ እጅ ቢያገኝ የሚሰጠው ደስታ ከሐሩ አያንስም። ደግሞም የሚያሳስብ ደስታ ነው፤ ምክንያቱም ድንጋዩን ያየ ሰው ውሃው ለምን እንደሚወድቅ ያውቃል፤ ክሯን ያየ ሰው ቀሪው ውሃ የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል።

ሌላም ተቃውሞ አለ። «መዝጊያውን ረዘም አድርጎ መክፈት ውሸት ከሆነ፣ አሳጥሮ መክፈትስ እውነት ነው ወይ? ሰው በአምስት መቶኛ ሴኮንድ አያይም» ይባላል። ልክ ነው፤ ሁለቱም የዓይን ልክ አይደሉም። ስለዚህ ይህ ሂስ አንዱን ስልት አንግሦ ሌላውን የሚያወግዝ አይደለም። የምንጠይቀው ስልቱ ለምን ተመረጠ ብለን ነው። ሐሩ የመጣው ፎቶ አንሺው ውሃውን ስላጤነ ከሆነ ይበል! የመጣው ከእሱ በፊት ያነሡት ሁሉ ሐር ስላደረጉት ከሆነ ግን ያ ልማድ እንጂ ጥበብ አይደለም።

እንግዲህ መሣሪያ ለያዙ ወንድሞችና እህቶች የምናቀርበው ልመና ብዙ ወጪ የለበትም። በፎቶግራፉ ጀርባ ቀኑን ጻፉ፤ ወርና ዓመተ ምሕረት፣ ቢቻል ሰዓቱንም። በመስከረም ከቆማችሁበት ድንጋይ ላይ በሚያዝያ ተመልሳችሁ ቁሙና ሁለቱን ጎን ለጎን ስቀሏቸው። ገደሉ አፍ ላይ ስትደርሱ አንድ ጊዜ ዞር በሉና፣ ፏፏቴውን የሚያየውን ሰው፣ መንገድ የመራውን ልጅ፣ ድልድዩን የሚሻገረውን ገበያተኛ እዩ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ አንሡ። ወንዙን ከላይ በጀልባ ተሻግሮ ወደ ግርጌው የሚወስደውን ሌላውን መንገድም ሞክሩት፤ ገደሉን ከሥር ቀና ብሎ ያየ ሰው ያንን የካሌንደር መጋረጃ ደግሞ ለማንሣት ይቸገራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሩቅ ጀምሩ። ውሃው ሳይታይ፣ ጉሙ ብቻ ከዛፉ በላይ ሲነሣ መሣሪያችሁን ክፈቱ። ስሙን ያወጡት ሰዎች የቆሙት እዚያ ነውና።

ለምንጽፈው ለእኛም ያው ነው። ስለ ዓባይ የሚጻፍ ግጥም ሲመጣ የዚህ መጽሔት አንባቢ አንዲት ጥያቄ ይጠይቅልን፦ በየትኛው ወር ነው? መልስ የሌለው ግጥም ወደ ካሌንደሩ ይመለስ። ይህን ሂስ «አልቀበልም» የሚል ካለ ብዕሩን ያንሣና ይጻፍ፤ እናነበዋለን፣ እንከራከራለን። ፎቶግራፍ ያለውም ያምጣ። ቀኑ ተጽፎበት ከሆነ፣ የሚያዝያ ቢሆንም በደስታ እናየዋለን።